የንጉሡን እንጀራ የበላ ባለቅኔ

«በበላበት የሚጮህ» የምትባል አነጋገር አለችን። ሰውን ከውሻ ጋር አስተካክላ የምትሰድብ፣ አጭርና መራራ አነጋገር ናት። አንድ ደራሲ ከባለሥልጣን ጋር እራት በላ ከተባለ፣ ወይም ሽልማት ተቀበለ ከተባለ፣ በቃ ነገሩ አለቀ። መጽሐፉን ሳንገልጥ ፍርዳችንን እንሰጣለን። «እሱማ በበላበት ነው የሚጮኸው!» ሌላው ደግሞ ታሰረ ከተባለ፣ የእሱንም መጽሐፍ ሳንገልጥ እናጨበጭብለታለን። በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ያው አንድ ነው። መጽሐፉ ሳይነበብ ይቀራል።

ዛሬ ላወጋችሁ ያሰብኩት የንጉሥ እንጀራ ስለበላ አንድ ባለቅኔ ነው። ያውም ቀምሶ የተወ እንዳይመስላችሁ፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ከማዕዱ ያልተነሣ ሰው ነው። ፔድሮ ካልዴሮን ዴ ላ ባርካ ይባላል፤ የስፔን ንጉሥ የፊሊፕ 4ኛ የቤተ መንግሥት ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። ከመቶ በላይ ተውኔቶችንና ሰባ ያህል መንፈሳዊ ድራማዎችን ትቶልን አልፏል። «በበላበት ጮኸ» ብለን እንዳንገላገለው የሚያስቸግር ሰው ነው። ጮኋል፤ የጮኸው ግን ሁልጊዜ ያበሉት ሰዎች የሚወዱትን አልነበረም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካልዴሮን በጃንዋሪ 1600 ማድሪድ ውስጥ ተወለደ። አባቱ በመንግሥት የገንዘብ ምክር ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ስለዚህ ልጁ ገና ከጅምሩ ያደገው በመንግሥት ደመወዝ ነው ማለት እንችላለን። እናቱን በ10 ዓመቱ፣ አባቱን በ15 ዓመቱ አጣ። አባትየው ብርቱ ሰው ነበሩ፤ ፔድሮ ቄስ እንዲሆን ወስነውለት ነበር። ልጁ ከኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ወጥቶ በአልካላና በሳላማንካ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ ክርስቲያን ሕግ ተማረ። ቄስ ግን አልሆነም። ማድሪድ ተመለሰና ግጥም መጻፍ፣ ሰይፍ መታጠቅና ዕዳ ውስጥ መግባት ጀመረ።

የወጣትነት ታሪኩ የጨዋ ልጅ ታሪክ አይደለም። በ1621 እሱና ሁለቱ ወንድሞቹ በአንድ ወጣት ግድያ ተከሰሱ። ነገሩ በደም ካሳ አለቀ፤ ካሳውን ለመክፈል የአባታቸው የሥራ ቦታ ተሸጠ። በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ ሹመት እንደ ቤትና እንደ መሬት የሚወረስና የሚሸጥ ንብረት ነበራ! ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ቻርልስ የስፔንን ልዕልት ለማግባት ማድሪድ በመጣ ጊዜ፣ የ23 ዓመቱ ካልዴሮን የጻፈው ተውኔት በቤተ መንግሥት ታየ። ልዑሉ ልዕልቲቱን ሳያገባ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባለቅኔው ግን ቤተ መንግሥት እንደገባ ቀረ።

ምላሱ ቶሎ አልተገራም። በ1629 አንድ ተዋናይ የካልዴሮንን ወንድም በጩቤ ወግቶ ወደ ሴቶች ገዳም ሸሸ። ካልዴሮንም ከሕግ አስከባሪዎች ጋር በር ሰብሮ ገባ። መነኮሳይያቱ ተዋከቡ። ከነዚያ መነኮሳይያት አንዷ ደግሞ የታላቁ ጸሐፌ ተውኔት የሎፔ ዴ ቬጋ ልጅ ነበረች። የንጉሡ ሰባኪ ፓራቪሲኖ በስብከቱ ቲያትረኞችን አወገዘ። ካልዴሮን ምን ያደርጋል? «ጽኑው ልዑል» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ የሰባኪውን የተንዛዛ አነጋገር የሚቀልድ ቃል ሰነቀረና በአደባባይ አሳቀበት። ሰባኪው ለንጉሡ አቤት አለ፤ ቃሉ ከተውኔቱ ተሰረዘ፤ ደራሲው በቀላል ቅጣት ታለፈ። ልጁ ከዚህ ጉዳይ አንድ ትምህርት ሳያገኝ አልቀረም። በስም የተወረወረ ድንጋይ ወደ ወርዋሪው ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ድንጋዩን በሰም ለብጦ መወርወር ጀመረ።

አሁን ቤተ መንግሥቱን እንመልከት። ፊሊፕ 4ኛ በ1621 በ15 ዓመቱ ነገሠ። ሥዕል፣ ቲያትርና ሴት የሚወድ፣ ሰነድ ማንበብ የሚሰለቸው ንጉሥ ነበር። አገሩን በእውነት የሚመራው የኦሊቫሬስ መስፍን ነው። ስፔን ያን ጊዜ ከፊሊፒንስ እስከ ፔሩ የምትገዛ፣ ካዝናዋ ግን ባዶ የሆነ አገር ነበረች። በ1627 መንግሥት ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ1647 እንደገና አቃተው። ታዲያ በነዚህ ሁለት ኪሳራዎች መካከል፣ በ1630ዎቹ፣ ኦሊቫሬስ ለንጉሡ ከማድሪድ ዳርቻ ቡኤን ሬቲሮ የተባለ የመዝናኛ ቤተ መንግሥት አሠራለት። የአትክልት ቦታ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ፣ የሥዕል አዳራሽና በ1640 ደግሞ ራሱን የቻለ ቲያትር ቤት ተጨመረለት። ሥዕሉን ቬላስኬዝ ይሥላል፤ የመድረኩን መሣሪያ ኮዚሞ ሎቲ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ይሠራል፤ ተውኔቱን ካልዴሮን ይጽፋል።

ስለዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ቲያትር አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመድረኩ ሥዕል የሚሠራው በርቀትና ቅርበት ሕግ፣ በጂኦሜትሪ ነው፤ ስዕሉ ቀጥ ብሎ የሚታየው ደግሞ ከአንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ያ ቦታ የንጉሡ ወንበር ነው። ከንጉሡ ራቅ ብሎ የተቀመጠ መኳንንት ተራራውም ቤቱም ዘመም ብሎ ይታየዋል። ደግሞም መኳንንቱ ከመድረኩ ይልቅ የሚያዩት ንጉሡን ነው። ሳቀ? ተኮሳተረ? እንግዲህ አንድ ደራሲ ዓለም ሁሉ ከአንድ ወንበር ብቻ ቀጥ ብላ በምትታይበት ቤት ውስጥ እውነት መናገር ይችላል ወይ? የካልዴሮን የሕይወት ጥያቄ ይሄ ነበር።

ክፉውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጠበቃው አይደለሁምና። በ1634 ቤተ መንግሥቱን ለማወደስ «አዲሱ የሬቲሮ ቤተ መንግሥት» የተባለ መንፈሳዊ ድራማ ጻፈ። በድራማው አዲሱ ግንብ መንግሥተ ሰማያትን ይመስላል፤ ንጉሡ የአምላክ፣ ንግሥቲቱ የቤተ ክርስቲያን ምሳሌ ይሆናሉ። «አይሁድነት» የተባለ ገጸ ባሕርይ ደግሞ ደጅ ቆሞ እንዳይገባ ይከለከላል። አስገራሚው ነገር፣ በዚያው ዘመን ለስፔን ዘውድ ገንዘብ ከሚያበድሩት ሰዎች መካከል ቅድመ አያቶቻቸው በግድ የተጠመቁ፣ አይሁዳዊ የዘር ሐረግ ያላቸው የፖርቱጋል ነጋዴዎች ነበሩ። በእውነተኛው ቤተ መንግሥት ገንዘባቸው በፊት ለፊት በር ይገባል፤ በመድረኩ ቤተ መንግሥት እነሱ ደጅ ይቀራሉ። ካልዴሮን ይህን ሁሉ አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ይህ በበሉበት መጮህ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ዓመት ሳይሞላው ግን ያው እጅ ሌላ ነገር ጻፈ። በ1635 በሬቲሮ ሐይቅ ላይ ለሚታይ ታላቅ ትርኢት መሐንዲሱ ሎቲ ዕቅድ አውጥቶ ላከለት፤ ከዕቅዱ ጋር የሚሄድ ጽሑፍ እንዲጽፍ ነው። ካልዴሮን ዕቅዱ ከትወናው ይልቅ ለማሽኑ ማደሩን የሚተች ደብዳቤ መለሰ፤ ከዕቅዱም የሚሆነውን መርጦ ሌላውን ተወው። ከዚያ የጻፈው ተውኔት የጠንቋይቱ የሰርሰና የኡሊሰስ ታሪክ ነው። ጀግናው ኡሊሰስ በጠንቋይቱ ደሴት በፍቅርና በድግስ ተጠምዶ፣ ጦር መሣሪያውን ረስቶ ይተኛል፤ ወታደሮቹም ሊቀሰቅሱት ይሞክራሉ። በግንቦት 1635 ፈረንሳይ በስፔን ላይ ጦርነት አውጃለች። ማድሪድ ከተማ ደግሞ «ኦሊቫሬስ ንጉሡን በድግስ አፍዝዞታል» ተብሎ ይታማል። ሐይቁ የኦሊቫሬስ፣ ድግሱ የኦሊቫሬስ፣ ተመልካቹ ራሱ ንጉሡ! አንዳንድ ሊቃውንት ይህን ተውኔት በድግስ ላለ ንጉሥ የተነገረ «ተነሥ» የሚል ቃል አድርገው ያነቡታል። ሰሙ የግሪክ ተረት ነው፤ ወርቁን የፈለገ ያውጣው።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራው እንሂድ። «ሕይወት ሕልም ነው» በ1636 ታተመ፤ በእኛ አገር ፋሲል ጎንደርን መቀመጫቸው ባደረጉበት ዓመት መሆኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ባሲሊዮ የተባለ የፖላንድ ንጉሥ ከዋክብት ቆጣሪ ነው። ልጁ ሲወለድ እናቲቱ በምጥ ሞተች፤ ንጉሡም በከዋክብት ውስጥ «ይህ ልጅ ጨካኝ ንጉሥ ይሆናል፤ አባቱንም ይረግጣል» የሚል ጽሑፍ አነበበ። ስለዚህ ልጁን ሞተ ብሎ አስወራና ተራራ ላይ ባለ ግንብ ውስጥ በሰንሰለት አሰረው። ልጁ ሴሂስሙንዶ ጠባቂውን ክሎታልዶን ብቻ እያየ፣ ቆዳ ለብሶ አደገ። አባት ሲያረጅ ጸጸት ያዘው። ልጁን በመድኃኒት አስተኝተው ወደ ቤተ መንግሥት አመጡት። ነቅቶ ልዑል ነህ ሲባል የዘመናት ቁጣው ፈነዳ፤ አንዱን አሽከር አንሥቶ በመስኮት ወረወረው። አባት «አላልኩም!» አለ። እንደገና አስተኝተው ወደ ግንቡ መለሱት፤ ሲነቃም ያየኸው ሁሉ ሕልም ነበር አሉት።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ይህን ታሪክ ስተርክ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር። «ጥፋተኛው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ኮከቡ?» መልሱ ተውኔቱ ውስጥ አለ። ልጁን አውሬ ያደረገው ኮከቡ አይደለም፤ ኮከቡን የፈራው አባት ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። ባሲሊዮ ሰማዩን ለማረስ ሞከረ፤ ካልዴሮን ደግሞ ንጉሡን ከሰሰ። ያውም ሌላ ንጉሥ በሚያስተዳድረው አገር፣ የቤተ መንግሥት ባለቅኔ ሆኖ! አልጋውን ከመፍራት የተነሣ ትውልድን የሚያስር ገዢ፣ የፈራውን ነገር በእጁ እንደሚወልደው በሦስት ገቢር አሳየ።

ሴሂስሙንዶ ሁለተኛ ዕድል ያገኛል። ሕዝቡ እውነተኛ ወራሽ መኖሩን ሲሰማ ያምፃል፤ ወታደሮች ግንቡን ሰብረው ያስወጡታል። አሁን ግን ልጁ ተለውጧል። ይህም ሕልም ሊሆን ይችላላ! ሕልም ከሆነም አይቀር፣ ሰው ሳይጎዱ ማለም ይሻላል። ጦርነቱን ያሸንፋል፤ አባቱ እግሩ ሥር ይወድቃል፤ እንደ ትንቢቱ ሊረግጠው ሲችል ያነሣዋል፤ ይምረዋል።

ከዚህ ላይ የኛም ቤት በር የሚንኳኳበት ጉዳይ አለ። ትንቢት ፈርቶ ልጁን የሚዘጋ ንጉሥ ታሪክ የካልዴሮን ፈጠራ አይደለም። ሥሩ «በረላምና ይዋስፍ» የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ሊቃውንት ምንጩን ሕንድ ድረስ ተከትለው፣ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ሆኖ አግኝተውታል። ከሕንድ ተነሥቶ በዓረብኛ፣ በጆርጂያ ቋንቋ፣ በግሪክና በላቲን እየተላበሰ ክርስቲያን ሆነ። ስፔን ሲደርስ በመጀመሪያ ሎፔ ዴ ቬጋ ተውኔት ሠራበት፤ ቀጥሎ ካልዴሮን «ሕይወት ሕልም ነው»ን ሲጽፍ ተጠቀመበት። በእኛ በኩል ደግሞ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከመሆን የደረሱት አባ ዕንባቆም በ1553፣ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መልሰውታል። ካልዴሮን ከመወለዱ 47 ዓመት በፊት ማለት ነው! ይዋስፍን በግዕዝ ያነበበ የገዳም ሊቅ ሴሂስሙንዶን ቢያገኘው ኖሮ የሩቅ ዘመድ መሆኑን አያጣውም ነበር። በነገራችን ላይ ካልዴሮን ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ሰሎሞንም ተውኔት ጽፏል።

ልዩነታቸው ግን ብዙ ይናገራል። ይዋስፍ የታሰረው በተድላ ቤት ውስጥ ነው፤ በሽታና ሞትን እንዳያይ። ሲያይ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ሴሂስሙንዶ የታሰረው በሰንሰለት ነው፤ ሲፈታም አይመንንም፤ ይነግሣል። የመጀመሪያው ታሪክ «ዓለምን ተዋት» ይላል። የካልዴሮን ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ዓለም ሕልም መሆኗን እያወቅህ ግዛት፣ ያውም በትክክል ግዛት ነው የሚለው። ለመነኩሴ የተጻፈውን ታሪክ ለንጉሥ አደረገው።

አሁን የተውኔቱን መጨረሻ ልንገራችሁ። ብዙ ሰው የሚዘለው እሱን ነው። ሁሉም ከታረቀ በኋላ ዐመፁን የመራው ወታደር ወደ ፊት ይወጣና ሽልማት ይጠይቃል፤ ሴሂስሙንዶን ከግንቡ ያወጣሁት እኔ ነኝ ይላል። ሽልማቱስ? እዚያው ግንብ ውስጥ ዕድሜ ልኩን እንዲታሰር ይፈረድበታል! ከሃዲ፣ ክህደቱ ካለፈ በኋላ አያስፈልግማ። ግንቡ ባዶ አልቀረም፤ እስረኛው ብቻ ተቀየረ።

ስለዚህች ፍርድ ሊቃውንት እስከዛሬ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ካልዴሮን ሥርዓት አክባሪ ነው፤ ዐመፀኛ መቀጣት አለበት ብሎ ያምናል» ይላል። ሌላው «አይደለም፤ አዲሱም ንጉሥ እንደ አባቱ በግንብ መግዛት መጀመሩን እያሳየን ነው» ይላል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው እንዲሉ። እኔ ግን የማስበው የመጀመሪያውን ተመልካች ነው። መኳንንቱ ወታደሩ ሲታሰር እፎይ ብለው ይሆናል፤ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ድሃ ግን ያንን ወታደር ረስቶት ወደ ቤቱ የሚሄድ አይመስለኝም።

ያ ድሃ ተመልካች ደግሞ በእርግጥ ነበረ። ካልዴሮን ለቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም የሚጽፈው፤ ማድሪድ ውስጥ «ኮራል» የሚባሉ በቤቶች መካከል ባለ ግቢ የተሠሩ የሕዝብ ቲያትሮች ነበሩ። ከመግቢያው ዋጋ ከፊሉ ለከተማው ሆስፒታሎች ይሰጥ ነበር። ቄሶች ቲያትር ይዘጋ ባሉ ቁጥር ሆስፒታሎቹ «ድሆቻችን ምን ይብሉ?» ይሉ ነበር። ለዚህ ሕዝብ ከጻፋቸው ታላላቅ ሥራዎች አንዱ «የዛላሜያው አጥቢያ ዳኛ» ነው።

ዛላሜያ የገጠር ከተማ ናት። የንጉሡ ጦር በዚያ ሲያልፍ ወታደሮች በየገበሬው ቤት ይመራሉ። አንድ ሻምበል በባለጸጋው ገበሬ በፔድሮ ክሬስፖ ቤት ይመራና ልጁን ኢዛቤልን ጠልፎ ይደፍራታል። በዚያው ቀን ክሬስፖ የከተማዋ ዳኛ ሆኖ ተመርጧል። ዳኛው በትሩን አስቀምጦ፣ በሻምበሉ ፊት ተንበርክኮ፣ ንብረቴን ሁሉ ውሰድና ልጄን አግባት ብሎ ይለምነዋል። ሻምበሉ ይንቀዋል፤ ገበሬ መኳንንትን ምን አባቱ ያደርጋል? ክሬስፖ በትሩን መልሶ ያነሣል፤ ሻምበሉን ያስራል፤ ፈርዶም ያንቀዋል። የጦር አዛዡ ከተማዋን አቃጥላለሁ ሲል ንጉሡ ራሱ ይደርሳል፤ አስከሬኑን ያያል፤ ፍርዱንም ያጸድቃል። እንዲያውም ክሬስፖን ቋሚ ዳኛ ያደርገዋል። የነገሩ ፍሬ፣ ገበሬ ለንጉሥ ሀብቱንና ጉልበቱን ሊሰጥ ይችላል፤ ክብሩ ግን የንጉሥ አይደለም የሚል ነው። ይህን የጻፈው የንጉሥ እንጀራ የበላው ሰው ነው።

ይህ ተረት ብቻ አልነበረም። በ1640 ካታሎኒያ ያመፀችው በየገበሬው ቤት በተመሩ ወታደሮች ግፍ ምክንያት ነው። በሰኔ ወር፣ በሥጋ ወደሙ በዓል ቀን፣ አጫጆች ባርሴሎና ገብተው የንጉሡን እንደራሴ ገደሉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖርቱጋልም ተገነጠለች። ካልዴሮን ራሱ ከ1637 ጀምሮ የቅዱስ ያዕቆብ ማኅበር ፈረሰኛ ስለነበር፣ በ40 ዓመቱ ካታሎኒያ ዘመተ፤ በ1642 በጤና ምክንያት ተመለሰ። በመድረክ የገበሬውን ክብር የጠበቀ ብዕር፣ በሜዳ ላይ ዐመፀኛ ገበሬ ላይ ሰይፍ መዘዘ። የዛላሜያው ተውኔት መቼ እንደተጻፈ ክርክር አለ፤ ታትሞ የወጣው ግን ከዚያ ጦርነት በኋላ፣ በ1651 ነው።

ሌላም የሚጎረብጥ ነገር አለ። «የክብሩ ሐኪም» በተባለው ተውኔት አንድ መኳንንት ሚስቱን በከንቱ ይጠረጥራታል። ምስክር አይጠራም፤ አይጠይቃትም። ደም የሚያወጣ ባለሙያ አስጠርቶ ደሟን አስፈስሶ ይገድላታል። ንጉሡ ነገሩን ደርሶበት ሲያበቃ አይቀጣውም፤ ሌላ ሴት እንዲያገባ ያዘዋል! ተመልካቹ ያጨበጭብ ወይስ ያልቅስ? ካልዴሮን አይነግረንም። በበሩ ላይ በደም የታተመ የእጅ ምልክት ያሳየንና ዝም ይላል። ክብር ለክሬስፖ ጋሻ ነበር፤ ለዚያች ሴት ቢላ ሆነባት። የዛላሜያዋ ኢዛቤልም ብትሆን ፍርድ ተሰጠላት እንጂ መጨረሻዋ ገዳም ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ዘመኑ ጨለመ። ኦሊቫሬስ በ1643 ከሥልጣን ወረደ። በ1644 ንግሥቲቱ፣ በ1646 አልጋ ወራሹ ሞቱና ቲያትሮች ለዓመታት ተዘጉ። ካልዴሮን በ1645 እና በ1647 ሁለት ወንድሞቹን ቀበረ። ከጋብቻ ውጭ አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ መጀመሪያ የወንድሜ ልጅ ነው ይል ነበር፤ በኋላ ልጄ ነው አለ። ልጁም ሳያድግ ሞተ። በ1651 ካልዴሮን፣ አባቱ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት ወስነውለት ያመለጠውን ቅስና በገዛ እጁ ተቀበለ።

ቄስ ከሆነ በኋላ ለሕዝብ ቲያትር መጻፍ ተወ። አንድ ትልቅ የቤተ ክህነት ባለሥልጣን ግን ቄስ ተውኔት መጻፉ ነውር ነው ብሎ ሹመት ከከለከለው በኋላ፣ እንደገና ለበዓል ጻፍልን ተባለ። እዚህ ላይ ካልዴሮን የጻፈው ደብዳቤ ከተውኔቶቹ አያንስም። ነገሩን ወደ ሁለት ቀንድ ከፍሎ ያቀርበዋል። ሥራው በጎ ከሆነ ለምን እንቅፋት ይሆኑበታል? ክፉ ከሆነስ ለምን ያዙታል? ያበላውን እጅ ሳይነክስ፣ እጁ ምን እያደረገ እንደሆነ ለባለቤቱ አሳየው። በ1653 በቶሌዶ የነገሥታት ጸሎት ቤት፣ በ1663 ደግሞ የንጉሡ የክብር ቄስ ሆኖ ተሾመ።

ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ ማድሪድ ከተማ በየዓመቱ ለሥጋ ወደሙ በዓል የምታሳያቸውን ሁለት ድራማዎች የሚጽፈው እሱ ነበር። ድራማዎቹ በሠረገላ በተሠራ መድረክ በአደባባይ ይታያሉ፤ ንጉሡም ለማኙም ያያቸዋል። ፊሊፕ 4ኛ በ1665 ሞተ፤ በሽተኛው ልጁ ካርሎስ 2ኛ ተተካ። ባለቅኔው መጻፉን አላቆመም። በሜይ 25 ቀን 1681 በ81 ዓመቱ ሲሞት የዚያ ዓመት ሁለተኛው ድራማ ገና አላለቀም ነበር። በኑዛዜው አስከሬኑ ፊቱ ሳይሸፈን እንዲወሰድ አዘዘ፤ በከንቱ ያለፈ ሕይወቱን ሰው አይቶ እንዲማርበት። ዕድሜውን ሁሉ ነገሥታትን ሕይወት ሕልም ናት ሲል የኖረ ሰው፣ የመጨረሻውን ትርኢት በራሱ አስከሬን አሳየ።

ከሞቱ በኋላስ? በ1765 ሌላ የስፔን ንጉሥ፣ ካርሎስ 3ኛ፣ መንፈሳዊ ድራማዎቹን በአዋጅ ከለከለ፤ ለዘመናዊ አእምሮ አይመጥኑም ተባሉ። አገሩ ስትተወው ጀርመኖች አነሡት፤ ሽሌገል ተረጎመው፤ ገተ በ1811 «ጽኑው ልዑል»ን በቫይማር መድረክ አሳየ። በ1965 ደግሞ ፖላንዳዊው አዘጋጅ ግሮቶቭስኪ ያንኑ ተውኔት አዲስ አድርጎ አውሮፓን አስደነቀበት። አጽሙ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲዞር ኖሮ በ1936፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ፣ እንደወጣ ቀረ።

እንግዲህ ፍርዱን ስጡ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ቤተ መንግሥቱን መንግሥተ ሰማያት ያደረገው ካልዴሮን በእርግጥ በበላበት ጮኋል። የዛላሜያን ገበሬ በንጉሥ ፊት ቀና አድርጎ ያቆመውም እሱ ነው። ሁለቱን የጻፈ እጅ አንድ ነው፤ ደመወዙንም የከፈለው አንድ ንጉሥ ነው። ማዕዱ ብቻውን ሰውዬውን አይነግረንም። ተርቦ የሚዋሽ ደራሲ አለ፤ ጠግቦ እውነት የሚናገር አለ፤ እንደ ካልዴሮን ደግሞ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን የሚያደርግ አለ። የሚበዛውም ይሄኛው ይመስለኛል። ይህን ለመለየት ግን ሌላ አቋራጭ የለም፤ መግለጥና ማንበብ ነው።

ዘመን በራሱ መንገድ ለይቶታል። «አዲሱ የሬቲሮ ቤተ መንግሥት»ን ዛሬ ከባለሙያ በቀር የሚያነበው የለም። «ሕይወት ሕልም ነው» ግን በብዙ ቋንቋ ይታያል። የተወደሰው ቤተ መንግሥትም አብዛኛው በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ፈርሷል። የቀሩት ሁለት ሕንፃዎች፣ የአትክልት ቦታውና ሐይቁ ናቸው፤ የአትክልት ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል። እሑድ እሑድ የማድሪድ ሰው ልጆቹን ይዞ ይመጣና ጀልባ ተከራይቶ ኡሊሰስ በተኛበት ውኃ ላይ ይቀዝፋል። ዓለም ቀጥ ብላ የምትታይበት ያ አንድ ወንበር ግን የለም።